በአሥር ዓመቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው አልማዝ

የሁለት ዓመት ኮሌጇን ጨርሳ ለዲግሪ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላት እዚህ ፈረንጅ አገር የላምበርትሴተር ሰፈር ጎረቤቴ አልማዝ ዛሬ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ተከለከለች።

አብሬያት ቢሮው ሄጄ ነበር።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአሥር ዓመትሽ ነው የጨረስሽው?» አላት ሹሙ እየሳቀ።

«ናይ፣ አይደለም! ልደቴ የተጻፈው በእናንተ አቆጣጠር፣ የትምህርት ማስረጃዬ በእኛ ነው። ስምንት ዓመት ጨምርበት።»

«ሌላ አቆጣጠር አናውቅም» አለ። አለማወቁን እንደ ሕግ አንቀጽ ነው የጠቀሰው።

በዚሁ ማስረጃ ኮሌጅ ሳለች ሁለት ዓመት ሲረዷት ግን ሕፃንነቷ አልታያቸውም።

ስንወጣ «ጋሼ፣ እንዲህ ጎበዝ መሆኔን እናቴ ብትሰማ!» አለችኝ።

እናንተንስ የዘመን አቆጣጠራችን ከየትኛው ቢሮ አስባረራችሁ? ንገሩኝ።

ይግባኟን በፋክስ ልከናል፤ ውሳኔው ዓርብ ይጠበቃል። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን የሚያቆይላት እስከ ሰኞ ብቻ ነው።