የድንቅቱ አራት ነጥቦች

ድንቅቱ ነገራ እጇ ይከብዳል። እንጭኒ ከተማ በርበሬ ስትወቅጥ ነው ያደገችው፤ ታይፕ ተምራ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት ስትገባም ቁልፎቹን የምትመታው እንደ ሙቀጫ ነበር። ካርቦን አምስት ቢደረብላት አምስተኛው ቅጂ ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በዚህ ትመሰገናለች።

ስቴንስል ግን ጉልበት አይወድም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ሰሙን ይጭረዋል፣ በጭረቱ ቀለም ያልፋል፣ በማባዣው መኪና ሰማንያ ቅጂ ይወጣል።

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመሠረተ ትምህርት የንባብ ፈተና ምቺ ተባለች። ጎልማሶቹ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ይፈተናሉ። መታች። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ጥሩሰው ማባዣውን አዞሩት። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የቀለም ጠብታ ተዘርግቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዝንብ ከየት መጣ?»

የሷ የጽሕፈት መኪና ለአራት ነጥብ የተለየ ቁልፍ የለውም፤ ሁለት ነጥቡ ሁለቴ ይመታል። ሹሎቹ ነጥቦች ስቴንስሉን በስተውታል።

ኃላፊው ኦቦ ፈየራ ድምፅ ሰምተው ገቡ። «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?»

«ኦቦ፣ ነጥቦቹ ተበሱብኝ።»

«የቀረን አንድ ስቴንስል ነው፣ ድንቅቱ። እሱም ከተበሳ ፈተናው ይቀራል። የቋሚነትሽን ደብዳቤም እኔ አልፈርምም።» ብለው ወጡ።

ድንቅቱ ቀስ አድርጋ ልትመታ ጣቷን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። ጋሽ ጥሩሰው ሊያጽናኗት ወንበር ሳቡ።

«የቤተ ክህነት መምህሬ በመቃ ብዕር ሲጽፉ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖራሉ፤ ሐሳቡ ሲያልቅ አራት። መኪና መጣና ሁለቱን ባዶ ቦታ ዋጣቸው። አንዳንድ ቀንማ አራቱን ትተው ይጽፉና ‹በል፣ የት ትተነፍሳለህ? አንተ አኑር› ይሉኝ ነበር። ስንት ጥፊ በልቻለሁ!»

ድንቅቱ ቀና አለች። ከዚያ ፈተናውን በቀረው ስቴንስል ላይ ያለ አንዳች ነጥብ መታችው። ከላይ ግን አንድ መስመር ጨመረች፦ «ሐሳቡ በሚያልቅበት ሁሉ አራት ነጥብ ያኑሩ»

ኦቦ ፈየራ አነበቡት። «ፈተና ነው እንቆቅልሽ?»

«አንብቦ የገባው ሰው ያውቀዋል፣ ኦቦ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ሰዓታቸውን አዩ። ሌላ ምርጫ አልነበረም።

አዳራሹ ውስጥ ሽንኩርት ነጋዴዋ እማማ ጉዴ ድንቅቱ ያደለቻቸውን ወረቀት ገለባበጡ። «አንቺ ልጅ፣ ነጥቡን እኛ ከጨረስንልሽ ደመወዙን ማን ሊበላ ነው?» ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። እማማ ጉዴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሲተነፍሱ እርሳሱን አራቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ከኋላቸው የተቀመጡት ሰውዬ ደግሞ በየቃሉ ላይ ነጥብ ዘርተዋል።

ኦቦ ፈየራ በወንበሮቹ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በሩ አጠገብ ወደ ቆመችው ድንቅቱ መጡ።

«ባለፈው ዙር ግማሹ ሰው ምንባቡን በቃሉ አጥንቶ ነው ያለፈው፤ እኔም አንባቢ መስሎኝ አጨበጨብኩ። ዛሬ ማን እንደሚያነብ በዓይኔ አየሁ። ለሚቀጥለው ዙርም እንዲሁ አድርገሽ ምቺልኝ።»

«ለሚቀጥለው ዙር? እኔ?»

«ታዲያ የት ልትሄጂ ኖሯል?»