ፋየርዎሉን ማን ይክፈት?

አባቴና ታናሽ ወንድሙ የተኳረፉት በሰርግ ነው። አጎቴ ትልቋን ልጁን ሲድር አባቴን ከድምጽ ማጉያው ሥር አስቀመጠው። ታላቅ ወንድሙን! አባቴ እራቱ ሳይቀርብ ከሰርጉ አዳራሽ፣ ከኦላሙ፣ ወጥቶ ሄደ፤ እኔም ሱፌን እንደለበስኩ ሆዴ ባዶውን ተከተልኩት። አያቴ፣ የሁለቱ እናት፣ ማይክሮፎን ይዛ ቤተሰቡን የመረቀችው እኛ ከወጣን በኋላ ነው። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ለሙት ዓመቷ፣ ለአዝካራው፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው አባቴ ያን ምርቃት መስማት ፈለገ። "ድምጿ እየጠፋኝ ነው" አለኝ። የሰርጉ ቪዲዮ ያለው ግን ራማት የዲዲም ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። እኛ ሌላ ሰፈር፣ ዶራ ነን። አባቴ "ታላቁ እኔ ስለሆንኩ ራሱ ያምጣ" አለ። አጎቴ ደግሞ "የፈለገ ይጠይቅ" አለ። እኔ በፍላሽ ላምጣው ብል አባቴ የወንድሙን ደጅ እንዳልረግጥ አስማለኝ። የአጎቴ ታናሽ ልጅም ወደ እኛ እንዳትመጣ አባቷ አስምሏታል።

መሐላው ግን እግርን እንጂ ኢንተርኔትን አልጠቀሰም። ከእሷ ጋር በስልክ መክረን፣ ሁለት ኮምፒውተሮች ማንም መካከላቸው ሳይገባ ፋይል የሚቀባበሉበትን ፕሮግራም በየቤታችን ጫንን። ሁለቱ ወንድማማቾችም፣ ማሽን ለማሽን ከሆነ ምን አገባን ብለው ፈቀዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ ምንም የመጣ ነገር የለም። ፖሌግ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ አፈርኩ። ለካ በሁለቱም ቤት ኢንተርኔቱን የሚያስገባው ራውተር ላይ ፋየርዎሉ ተዘግቷል። ፋየርዎል ከቤት የሚወጣውን ያሳልፋል፤ ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ግን ይመልሳል። የእኛ ሄዶ ሲያንኳኳ የእነሱ ይመልሰዋል፣ የእነሱ ሲመጣ የእኛ ይመልሰዋል። አንዱ ወገን ብቻ ቢከፍት ይበቃ ነበር። ጥፋቴ ይህን ለአባቴ ማስረዳቴ ነው።

"ታናሽ እሱ ነው፣ እሱ ይክፈት" አለ።

ራውተር ታላቅና ታናሽ አያውቅም ብል ማን ይስማኝ! እዚያ ቤትም አጎቴ፣ "የልጄን ሰርግ ጥሎ የሄደው እሱ ስለሆነ እሱ ይክፈት" ብሏል አሉ። አዝካራው ሁለት ቀን ቀረው።

በመጨረሻ እኔና የአጎቴ ልጅ፣ ሽማግሌ ሰው ሲያስታርቅ የሚያደርገውን አደረግን፤ ዋሸን። እኔ ለአባቴ አጎቴ ከፈተ አልኩት። እሷም ለአባቷ የእኔ አባት ከፈተ አለችው። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የእኛን ራውተር፣ አባቴ ሊታጠብ ሲገባ ጠብቄ። ፋይሉ ወዲያው መውረድ ጀመረ። አባቴ "ታናሽነቱን አወቀ" ብሎ ደረቱን ነፋ፤ አጎቴም "ጥፋቱን አመነ" ብሎ እዚያ ደረቱን ነፍቷል።

አርብ ጠዋት አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩለት። አያቴ ማይክሮፎኑን ተቀበለች፤ ዙሪያዋን አየችና ታላቁ ልጄ የታለ አለች። አጎቴ ሙዚቃውን አስጠፋ፤ ያን ሁሉ እንግዳ አስቀምጦ እየሮጠ ከኦላሙ ወጣ። ምርቃቱም ቆመ። ካሜራው ለረጅም ጊዜ በሩን ብቻ ያሳያል። አጎቴ ላብ በላብ ሆኖ ብቻውን ተመለሰና እናቱን በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ቀና ብላ፣ እዚህ ላለውም ለሌለውም ብላ መረቀች።

አባቴ "ወደ ኋላ መልሰው" አለኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያስቆመኝ ምርቃቱ ላይ ሳይሆን አጎቴ ብቻውን ሲመለስ ነው።

"እኔ እኮ ያኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እየሰደብኩት ነበር" አለ።

ከዚያ ስልኩን አነሳና የወንድሙን ቁጥር፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በቃሉ ደወለ።