ሳንነግራት የቀረነው መጨረሻ

ካርቱም ጦርነት ሳይገባባት በፊት፣ አራት ሴቶች ሆነን ካላክላ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር። ማደሪያ አልነበረችም፤ ብዙዎቻችን የምናድረው በምንሠራበት የሰው ቤት ነው። የጁምዓ ብቻ ነበረች። ጁምዓ ዕረፍት ስንወጣ ጫማችንን አውልቀን፣ እግራችንን ዘርግተን፣ ማንም «አንቺ!» ብሎ ሳይጠራን የምንውልባት። ሰው ይሄን ሲሰማ ለሰላትና ለእንቅልፍ የተከራየናት ይመስለዋል። እውነቱን ልናገርና፣ የተከራየናት ለሙሰልሰል ነው።

ሙሰልሰል እዚያ ተከታታይ ፊልም ማለት ነው። የእኛው የፍቅርና የለቅሶ አልነበረም። ምድር ተቃጥላ የተረፈው ሕዝብ በአንዲት መርከብ ተጭኖ፣ በሰማይ በከዋክብት መሀል፣ የሚያርፍበት ሌላ ዓለም ይፈልጋል። በአረብኛ ተተርጉሞ የሚቀርብ የውጭ ሥራ ነው። ካፒቴኗ ሴት ናት፤ ወንዱ ሁሉ እሺ ይላታል። ለዚህ ብቻ እንኳ መታየት ይገባው ነበር።

ታዲያ ከአራታችን አንዳችንም የአንዱን ቀን እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይተን አናውቅም። እኔ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት፣ ልብስ የምተኩስበት ጥግ ሳሎኑን በመስተዋት በር ያሳየኛል፤ በሩ ስለሚዘጋ ሥዕሉን እንጂ ድምፁን አላገኝም። እትዬ፣ ታላቃችን፣ እዚያው ሰፈር ወጥ ቤት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ድምፁን ይሰማሉ እንጂ ሥዕሉ ምን እንደሚመስል አያውቁም። ትንሿ የምንላት ታናሻችን እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፣ ካላክላ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። የምትሠራበት ፀጉር ቤት ቴሌቪዥን ስላለ ደንበኛ በሌለበት ታያለች። አረብኛውን ትጠጣዋለች፤ አማርኛዋ ነው እንጂ የሚደናቀፈው። ስልክ ላይ አታዩም ነበር ወይ ይለኛል አሁን ሰው። እስቲ ያንን ኔትወርክ ይዘህ ሞክረው!

አራተኛዋ ጓደኛዬ ጨርሶ አታይም። የእሷ ማዳም ቴሌቪዥን ቤታቸው የማያስገቡ ሴት ነበሩ። ግን ሙሰልሰሉን እንደ እሷ የሚያውቀው አልነበረም። ጁምዓ ጁምዓ መሀላችን ትቀመጥና ትጠይቀናለች። እኔ ካፒቴኗ ስታለቅስ አየሁ እላለሁ፤ እትዬ «ያ ሁሉ ጩኸት ለካ ልቅሶ ነው» ይላሉ፤ ትንሿ ለምን እንዳለቀሰች ትነግረናለች። ጓደኛዬ «ቆዩ፣ ባለፈው ወንድሟ ሞቷል ብላችሁኝ የለ? ታዲያ አሁን ማን ጠራት?» ትላለች። እንዲህ እያለች የእኛን ብጥስጣሽ ትሰፋውና ሲመሽ ሙሉውን መልሳ ለእኛው ትተርክልናለች። ወላሂ፣ ከቴሌቪዥኑ የእሷ ይጥም ነበር።

ወሎ፣ እናቷ ዘንድ የተወቻት አንዲት ልጅ ነበረቻት። ስትለያት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በየዓረፋው እመጣለሁ ትላታለች፤ በየዓረፋው ትቀራለች።

በኋላ ጓደኛዬ ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሆዷ አበጠ፣ ሥራዋን ለቃ ሶባ ሆስፒታል ተኛች። አንድ ቀን ሐኪሙ ሲያያት ሦስታችንም አልጋዋ ሥር ነበርን። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሲናገር ቀስ ይላል። በአረብኛ ልጅ አላት ወይ ብሎ ጠየቀን። አለቻት አልነው። እንግዲያው ሕክምና ከዚህ በኋላ አይረዳትም፣ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ሳያቅታት ወደ ልጇ ውሰዷት፣ ብዙ አትቆዩ አለን። የጓደኛዬ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ከሽንኩርትና ከመጥረጊያ አያልፍም። ዓይኗን ትንሿ ላይ ተክላ ምን አለ አለች። እትዬ የትንሿን ክንድ ጨበጥ አደረጓት። ትንሿም «ደህና ናት ይላል፣ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አለች።

ውጭ ስንወጣ ተጣላን። ሰው የራሱን ነገር ይወቅ እንጂ፣ እኛ ማን ነንና እንቆልፍበታለን አልኩ። እትዬ በእኔ አዘኑ። አገራችን ክፉ ወሬ በሰው መሀል፣ በወጉ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፤ ለበሽተኛማ ጭራሽ አይነገርም፣ ያንን ያስተማረሽ የለም ወይ አሉኝ። አገርሽ ግቢ ካልናት ሞተሻል ማለታችን ነው፤ ትንሽ በርታ ትበልና ለዓረፋ ብለን እንሸኛታለን አሉ። ትንሿ አለቀሰች። እኔ ብቻዬን ሆንኩ፣ ተሸነፍኩ። እትዬን ክፉ ናቸው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ፤ ጓደኛዬን ያጥቧት የነበሩት እሳቸው ናቸው።

በሳምንቱ ጁምዓ ካላክላ ስንገናኝ ትንሿ ስልኳን ይዛ ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችን። ሙሰልሰሉ ተቋርጧል። ጣቢያው በቃ ብሏል፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ቀርቷል፣ ካፒቴኗም ሌላ ሥራ ይዛለች። የመጨረሻውን ቀን እኔ በመስተዋቱ አይቼው፣ ለጓደኛዬም ነግሬያት ነበር። መርከቢቱ ሰማይ መሀል አንድ የብርሃን በር ፊት ቆማ፣ ካፒቴኗ ትእዛዝ ልትሰጥ እጇን አንስታ፣ እዚያ ላይ ጨለመ። ወደፊት ትበል፣ ተመለሱ ትበል፣ አይታወቅም።

ወይ ጉድ! ሙሰልሰሉን የሚወዱት ሰዎች ስልክ ላይ በአረብኛ የሚጻጻፉበት ገጽ ነበረ፤ ትንሿ እያነበበች ትነግረን ነበር፣ ጦር ሜዳ ሆኗል። ገሚሱ ፊርማ ያሰባስባል። ገሚሱ መዝጊያ የሚሆን አንድ ፊልም ይሠራልን ይላል። ሌላ ካፒቴን አምጥተው ይቀጥሉት የሚል አለ፤ እሱን ደግሞ ከሃዲ ብለው ይሰድቡታል። እኛም ከእነሱ አላነስንም። እትዬ መመለስ አለባቸው ባይ ናቸው፤ ምድር ብትቃጠልም ዝናብ ከጣለባት ታበቅላለች፣ ሰው አገሩን ትቶ የት ይገባል ይላሉ። ትንሿ ትቆጣለች፤ መርከቢቱ ላይ የተወለዱት ልጆች ምድርን መቼ አወቋት፣ የእነሱ ወዳልሆነ አገር ማን ይመልሳቸዋል፣ ወደፊት ነው እንጂ ትላለች። እኔ የሁለቱም ነገር አንጀቴን አሳረረው። ኸላስ፣ ያለቀ አለቀ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኩ። ፊርማ የሚያሰባስቡትንም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሰደብኳቸው። ድሮ ጠቡን የምትዳኘው ጓደኛዬ ነበረች፤ እሷ በሌለችበት እየተጯጯህን ሳንስማማ እንለያያለን።

ለእሷ ምን እንበላት? ሶባ በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ካፒቴኗ እጇን ወዴት አወረደች ብላ ነው። እትዬ መልሳቸው ያው ነበር፤ በሕመሟ ላይ ሌላ መርዶ አንጨምርባትም፣ ቀጥሏል በሏት አሉ። ቀጥሏል ተባብለን ተለያየን። እንዴት እንደቀጠለ ግን አልተነጋገርንም። ሁልጊዜም እንዲያ ነበርና፤ እያንዳንዷ የራሷን ቁራጭ ይዛ ትመጣለች፣ የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

የዕረፍታችን ሰዓት ስለማይገጥም፣ ዘበኛውም ብዙ ሰው ስለማያስገባ፣ ከዚያ በኋላ የምንጠይቃት በየተራ ነበር። ከካላክላ ሶባ በሚኒባስ ሩቅ ነው፤ ወርዶ ሌላ መያዝ አለ፣ ፀሐዩ አለ። እትዬ ሄደው መርከቢቱ ዞራለች፣ ወደ ምድር እየተመለሱ ነው ይሏታል። ትንሿ ሄዳ በሩን አልፈዋል፣ ውሃ ያለበት አገር አግኝተዋል ትላታለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ውሸቱ አፌ ላይ ይደርቃል፤ «ቆማለች» እላታለሁ። ዛሬም ቆማለች? ዛሬም ቆማለች። ጓደኛዬ ዝም ብላ ትሰማለች። የድሮዋ እሷ ብትሆን ኖሮ «ቆይ፣ ቆይ» ትለኝ ነበር። ሕመሙ ነው ብዬ አለፍኩት።

በየጊዜው ስሄድ ትከሳለች። አንድ ሰሞን ተቀምጣ አገኛት ነበር፤ ከዚያ ተደግፋ፤ ከዚያ ተኝታ። እትዬን እንሸኛት እንጂ እላለሁ፤ ትንሽ በርታ ትበል ይላሉ። በርታ የምትልበት ቀን እንደማይመጣ ዓይናቸው ያውቃል፤ አፋቸው እምቢ አለ።

የመጨረሻው ጁምዓ ዘበኛው ሦስታችንንም አንድ ላይ አስገባን። ዱሮ የማይደረገው ሲደረግ ልቤ ፍርሃት ገባው። ጓደኛዬ ትራሱ ላይ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችንና ፈገግ አለች። ተቀመጡ፣ ዛሬ እኔ ልንገራችሁ አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ ጎንበስ ብለን ሰማናት።

«መርከቢቱ ተመልሳለች። ተሻግራለችም። ቆማለችም» አለች። «ይሄን ስሰፋ ነው የሰነበትኩት፤ አልሰፋ አለኝ። ተቋርጧል፣ አይደለም?»

ትንሿ መሬት መሬቱን አየች። እትዬ «አብሽሪ ልጄ፣ የፊልም ነገር ምን ያደርግልሻል» አሉ።

«ለፊልም እንዲህ ከዋሻችሁኝ፣ ሐኪሙስ ምን ብሎ ነበር?»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ነገርኳት። መድኃኒት የለውም ብሏል፣ መቀመጥ ሳያቅታት ወደ ልጇ ውሰዷት ብሏል አልኳት። ስነግራት እንኳ በወጉ አልነገርኳትም፤ ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት፣ የሚያቃጥል ነገር ከእጅ እንደሚጣል።

አላለቀሰችም። አስቀምጡኝ እስቲ አለች። እኔ በአንድ ወገን፣ ትንሿ በሌላ ወገን ይዘን አነሳናት። አጥንት ብቻ ናት። ለቀቅ ስናደርጋት ወደ እኔ ወደቀች። መልሰን አስተኛናት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት።

«መቼ ነው እንዲህ ያለው?» አለች።

ሙሰልሰሉ ሳይቋረጥ በፊት ነው አልኳት።

«ያኔ እኮ ሽንት ቤት በእግሬ ነበር የምሄደው።»

እትዬ አፉ በይኝ እያሉ እግሯን ይስማሉ፤ እሷ አፉ ብያለሁ፣ ተነሱ አለቻቸው፣ ግን አላየቻቸውም። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችንም። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ስልክሽን ስጪኝ አለችኝ። ወሎ እናቷ ቤት ደወልኩላት፣ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ያነሳችው ልጅቱ ናት። ቅርብ ስለነበርኩ ይሰማኛል፤ ሰላም ነሽ ወይ ሳትል፣ ለዓረፋ ትመጫለሽ አይደል እማ አለቻት። እትዬ ከወዲያ ሆነው እመጣለሁ በያት እያሉ በእጃቸው ይለምኗታል። ልጅ ናት፣ አትስበሪያት፣ አያቷ በወጉ ይነግሯታል ነው የሚሉት።

ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«አልመጣም ልጄ» አለች። «አሞኛል፣ ከዚህ አልነሳም። ትመጣለች ቢሉሽ እንዳትሰሚ። ደጅ ደጁን አትዪ።»

ከዚያ እጄን ገፋ አደረገችው፣ ስልኩን ውሰጂ ማለቷ ነው። ወሰድኩት። ልጅቱ ገና አልዘጋችም ነበር።