ዓመት በዓመት ያደገው ጥምጥም

ቄስ አጎቴ ጉና ተራራ ሥር ይቀድሳሉ። ጥምጥማቸው በየዓመቱ ሲተልቅ፣ የአገሩ ሰው ማዕረጋቸው ያደገ መስሎት ከበፊቱ ይልቅ ጎንበስ እያለ እጅ ይነሣቸው ነበር። እኔ ግን የሚያብጠው በቀኝ በኩል ብቻ መሆኑን አየሁ።

«አባ፣ ማዕረግ ወደ አንድ ጎን ነው እንዴ የሚያድገው?»

«ዝም በል፣ ብጉንጅ ናት!»

ነጩ ሻሽ ደም ሲያሳይ ግን ለምኜ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ወጣቱ ሐኪም ጥምጥሙን ፈትቶ ድንች የሚያህል እባጭ ሲያይ ደነገጠ።

«የቆዳ ካንሰር ይመስላል። መቼ ጀመረዎት?»

«አንተ ሳትወለድ።»

ደግነቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ነበርና ተቆርጦ ወጣላቸው። በትንሽ ጥምጥም ሲመለሱ፣ አንዲት ባልቴት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በሐዘን አዩዋቸው።

«ምነው አባ፣ ከማዕረግዎ አወረዱዎት?»

«እንኳንም አወረዱኝ! አንድ እርከን ብጨምር ኖሮ መቃብር ነበር የምገባው።»