እምቢ ለማለት የሄድንበት ቀን

እዚህ አገር ላይ ሚሳይል ከዘነበበት ጦርነት በኋላ ነው፤ የጋዝ ጭንብላችን ገና ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ልጄ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትጨርስ አንድ ፕሮፌሰር «ላቦራቶሪዬ ግቢና ሁለተኛውን እኔ ዘንድ ተማሪ» አላት። እሺ አለች። እኔ ያኔ ቂርያት ጋት ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወለል እጠርግ ነበር፤ ለሠራተኛው ሁሉ አወራሁ። ምነው አፌን በያዝኩት።

ለሙከራ አንድ ወር ሠራች። ከዚያ ለሻባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት፣ ቤት ስትመጣ እህል አልቀምስም አለች። ስቆጣ ተናገረች።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠራኛል አባዬ። ‹ይቺ የኛ ኢትዮጵያዊት ናት› ይላል። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ የለም፤ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሱዳን ድረስ ስንት ቀን በእግር እንደሄድኩ ብቻ። ሌላ መምህርት አለች፣ የስንዴ በሽታ ነው የምታጠናው። እስከ ሱኮት፣ እስከ ዳስ በዓል፣ ቦታ እጠብቅልሻለሁ ብላኛለች።»

«ታዲያ ሰውዬውን እምቢ በይው!»

«ሁለት ጊዜ ሄድኩ።»

«እና?»

«እሺ ብዬ ተመለስኩ።»

ሳቅሁባት። «ይቺ ናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ! ዱላ ላውስሽ?»

እናቷ ግን ወደኔ ዞረች። «የት ትማረው? እዚህ ቤት እምቢ ብሎ ያደረ ልጅ አለ?»

እውነቷን ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ወደ መሬት፣ መልስ እሺ። እኔም እንዲያ ነው ያደግሁት።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ከሥራ ቀርቼ አብሬያት ሄድኩ። ባገራችን የተሰጠ ቃል የሚነሳው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው እኔው ልሁን አልኩ። የምናገረውን ዕብራይስጥ አውቶቡስ ላይ አስጠናችኝ።

ፕሮፌሰሩ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሽበታም ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሣልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ልጄ ሐሳቧን ለውጣለች፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኩት።

ወደሷ ዞረ። «ካንቺ ልስማው። ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?»

ሁለት ሽማግሌ ፊቷ ተቀምጠናል። ጫማዋን አየች።

«እቆያለሁ» አለች።

ሰውዬው ደስ አለው። እኔን ግን በሐዘን ነው ያየኝ፤ ልጁን ከትምህርት ሊያስቀር የመጣ አባት መስዬው ነበር ለካ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጮህኩባት። «ምን ነካሽ?»

«ተነሥቶልዎ፣ ሻይ አስመጥቶልዎ፣ እርስዎ ፊት እንዴት ላሳፍረው?»

«በይ እኔን እምቢ በይኝ። ተለማመጂ!»

«እሺ አባዬ» አለች።

ተመልሰን እንግባ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እልኬም ነበረ፣ አውቶቡሱም መጣ።

ሱኮት አለፈ፤ መምህርቷ ሌላ ተማሪ ወሰደች። ልጄ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሁለት ዓመት ያህል ቆየችና ሳትጨርስ ቀረች። ያኔም እምቢ አላለችውም፤ አንድ ቀን ዝም ብላ መሄድ አቆመች። ሰውዬው ቤት ድረስ ሲደውል ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«የለችም» አልኩት። አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።