ሦስት ቀዳዳ ያለው ጫማ

የአጥንት ሐኪም ነኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል ለበሽተኞቼ ጠዋት ማታ «ጫማ ስትገዙ ጣታችሁ መላወሻ ይኑረው» እላለሁ። ራሴ ጫማ የመረጥኩበትን ቀን ማውራት ስጀምር ግን ባለቤቴ ከአፌ ነጥቃ ትጨርሰዋለች። ዛሬ እሷ እዚህ የለችም፤ እኔው ልናገር።

ነገሩን ያመጣው አብሮኝ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚሠራ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ሌሶቶ ተራሮች ላይ በረዶ ጣለ ሲባል ከሰማ የበረዶ ሸርተቴዎቹን እዚህ «ባኪ» በሚሏት ፒካፕ መኪናው ላይ ጭኖ ይወጣል። የእሱ ሸርተቴ መንገድ በሌለበት ዳገቱን በእግር ወጥተው ቁልቁለቱን የሚንሸራተቱበት ዓይነት ነው። ስለዚህ የጫማው አፍንጫ ብቻ ከሸርተቴው ጋር ይያያዛል፤ ተረከዙ እንደ ልብ ይነሳል። አንድ እሁድ ቤታችን መጥቶ ሁለታችንንም ጋበዘን። ሁለት ጥንድ ትርፍ ሸርተቴ አለኝ፣ ጫማ ግን የየራሳችሁን ፈልጉ አለን፤ ማያያዣው ሦስት እሾህ ያለው የድሮው ዓይነት መሆኑንም ነገረን። እኔ ስልኬ ላይ የበሽተኛ ራጅ እያየሁ ስለነበር በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

እንዲህ ያለ ጫማ በየሱቁ አይገኝም። ጠይቀን ጠይቀን ጀርሚስተን ውስጥ ጋራዡን ባገለገለ የተራራ ዕቃ የሞላ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ገና ስንገባ ጥቁር፣ ሸንቃጣ፣ ቀለል ያለ ቦት ጫማ ዓይኔን ያዘው። አፍንጫው ሥር ቀጭን የብረት ዘንግ አለው። ሽማግሌው ሸርተቴያችን ላይ ያለው ማያያዣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። የተለመደው ነው አልኩት።

«የተለመደ የሚባል የለም» አለኝ። «ጫማና ማያያዣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው።»

ባለቤቴ ሦስት እሾህ ያለው ነው መባሉን አስታወሰችኝ። ያ የራሱ ነው፣ ለእኛ የሚያውሰን አዲሱን ነው ብዬ በልበ ሙሉነት መለስኩላት። እሷ ግን አፍንጫው እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ ያለው ወፍራም የቆዳ ጫማ ለራሷ መረጠች። ሳቅሁባት። የእኔው ጣቴን ትንሽ ይጫነኛል፤ ሲለበስ ይለቃል ብዬ ገዛሁት።

ሌሶቶ ስንደርስ ተራራው ሁሉ ነጭ ነበር። ባለቤቴ ጫማዋን ማያያዣው ውስጥ አስገባች፤ ሦስቱ እሾሆች ሦስቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገቡ፤ ቀጭ አለ። የእኔ ዘንግ እሾሁ ላይ ተቀምጦ ወዲህ ወዲያ ይላል። ወዳጄ አንዴ ጫማዬን፣ አንዴ ፊቴን አየና የሻይ ቴርሞሱን አቀበለኝ።

መኪናው ጀርባ ላይ ተቀምጬ ሲወጡ አየኋቸው። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር። ባለቤቴ ወድቃ እየሳቀች ስትነሳ፣ እንደገና ስትወድቅ፣ ከዚያ ከጫፉ ላይ ትንሽ ነጥብ ሆና እጇን ስታውለበልብ ግን ሳላውቀው ቆሜ አጨበጭብ ነበር። ጉንጯ ቀልቶ ወርዳ፣ ምንም ሳትወቅሰኝ፣ «ላይ ሆነህ ብታየው» ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ ጀርሚስተን ተመለስኩ። ሽማግሌው ጫማዬን ያለ ብዙ ወሬ በባለ ሦስት ቀዳዳ ለወጠልኝ፤ ወፍራም ካልሲ አስለብሶ ግን ግማሽ ሰዓት ደረጃ አስወጣኝ፣ አስወረደኝ፣ አንበረከከኝ። ጣቴ ይላወሳል ወይ፣ ተረከዜ ከጫማው ውስጥ ይነሳል ወይ እያለ መረመረኝ። ለበሽተኞቼ እንኳ እንዲህ ጊዜ ሰጥቼ አላውቅም።

በቀጣዩ በረዶ ሦስታችንም ወጣን። ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አላስታውስም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጫፉ ላይ ደረስኩ። ሸለቆው ውስጥ ክብ የሣር ቤቶች በበረዶ ተሸፍነው፣ ከአንዱ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ብርቱካን ላጠችልኝ። ስንወርድ እሷ በሸርተቴ ወረደች፣ እኔ ደግሞ አብዛኛውን በመቀመጫዬ።