ከወለሉ ሥር የሚጠራ ድምፅ

አክስቴ ቤት የገባሁት ባለቤቷ በሞቱ ዓመት ነው፤ ብቻዋን እንዳትሆን። ባልና ሚስቱ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ለቀው የተከራዩት፣ መርካቶ ውስጥ ከሰባተኛ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የድሮ የጭቃ ቤት ነው። የብረት ቧንቧው ውስጥ ውስጡን ዝጓል። ውሃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ሻይ የመሰለ ነገር ይተፋል። የመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ደግሞ ውሃውን እያጉረመረመ በዝግታ ነው የሚውጠው። ይህን ሁሉ ለመድኩት። ያልለመድኩት ድምፁን ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። የመርካቶ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ የተሸካሚው «ዞር በል፣ ዞር በል» ጠፍቶ፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ካልሲ እያጠብኩ ነበር። ከእግሬ ሥር አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ «መጣሽ?» አለች።

እጄ ባልዲው ውስጥ ቀረ። አክስቴ ሳሎን ናት፤ አልተናገረችም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ የሻገተ ጨርቅ የሚሸት ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ።

«መጣሽ እንዴ?» አለች እንደገና።

ለአክስቴ ስነግራት አልገረማትም። «አንተም ሰማሃት?» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ትጠራኛለች። አደራ፣ አቤት እንዳትል። የማታውቀው ድምፅ ሲጠራህ አቤት አይባልም።»

ለካ ከራጉኤል ጠበል እያመጣች ቀዳዳው ውስጥ ስታፈስ ኖራለች። ጠበሉም እንደ ሌላው ውሃ እያጉረመረመ ይወርዳል፤ እሁድ ሲመጣ ድምፁ ይመለሳል። እኔም ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ ድንጋይ ጫንኩበት። ድምፁ ታፍኖም ቢሆን ይሰማ ነበር።

በኋላ ፍሳሹ ጭራሽ ተዘጋና ክፍሉ በቆሻሻ ውሃ ተሞላ። የጠራነው ቧንቧ ሠራተኛ ረጅም ሽቦ ከተተ። ሽቦው ሄደ፣ ሄደ፣ አልቆም አለ።

«እትዬ፣ ይሄ መስመር ወደ መንገድ አይወጣም» አላት አክስቴን። «በግድግዳው ሥር አልፎ ጎረቤት ነው የሚገባው።»

ሁለቱ ቤቶች ድሮ አንድ እንደነበሩ አክስቴ ስትከራይ ሰምታለች። የወዲያኛው ወገን ግን የጨርቅ መጋዘን ነው፤ መግቢያውም በሌላ መንገድ ነው። ዞረን ሄደን ዘበኛውን አገኘናቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ የሚኖር ሰው አለ?» አልኳቸው።

«ጣቃ ብቻ ነው» አሉ። በሩን እየከፈቱልን፣ «ከኋላ እማማ አሉ እንጂ» ብለው ጨመሩ፤ እኚያን ሴት ከሰው መቁጠር የረሱ ይመስሉ ነበር።

ጣሪያ በነካው የጣቃ ክምር መሃል በጎናችን እየተሽሎከለክን አለፍን። መብራት የለም። መጨረሻው ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በጣም ያረጁ ሴት የፍሳሽ ቀዳዳ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አያይም። ኮቴያችንን ሲሰሙ እጃቸውን አነሱ።

«ቀስ በሉ፣ እህቴ እያወራችኝ ነው» አሉ።

እንደነገሩን እህታቸው በእኛ በኩል ይኖሩ ነበር፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጆች ሳሉ በዚያ ቀዳዳ ይነጋገሩ ነበር። አክስቴ ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር ትወዳለች፤ ያን ሰምተው እህታቸው የተመለሱ መስሏቸው «መጣሽ?» እያሉ ይጣሩ ነበር። አክስቴ ይህ ሲገባት አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ የማንጎራጉረው» አለቻቸው።

«የአንቺንማ ለየሁት፣ ድምፅሽ ወፍራም ነው» አሉ። «እሷ ግን ታወራኛለች። ‹ውሃው መጥቷል፣ ነይ› ትለኛለች።»

አክስቴ እንዲህ ብላ አታውቅም። እኔም አላልኩም። በዚያ ቤት ደግሞ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም።

ሠራተኛው አሮጌውን መስመር ቆርጦ በሲሚንቶ ደፈነው፤ የእኛንም የእሳቸውንም በአዲስ ፕላስቲክ ቧንቧ ለየብቻ ወደ መንገድ አወጣው። በእኛ በኩል ድምፁ ቀረ። አክስቴ ምሳ እያደረሰች ትጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ።

«እማማ፣ የእህትዎ ድምፅ አሁንስ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው ፈገግ አሉ። «ተባረኩ ልጆቼ። ቧንቧውን ከጠገናችሁት ወዲህ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ።»

አክስቴ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። ሁለታችንም ወለሉን ሳናይ ተሰናብተን ወጣን።